የአጥር ቋሚ ሲነቀል ከመሬት እኩል ከተሰበረ፦ ችግርና መፍትሄ

ቆርቆሮው ወርዷል፣ ማገሩ ተገንጥሏል፣ ሽቦው ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል ብዬ ልጀምር፤ ያንን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። ጣጣው ቋሚው ላይ ነው። ሰው የሚደውልልኝ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አይደለም፤ ወዝውዞ ከሰበረ በኋላ ነው። «ትንሽ ጉማጅ መሬት ውስጥ ቀርታለች፣ መጥተህ አውጣልን» ይሉኛል። ያቺ ትንሽ ጉማጅ ግማሽ ቀን ትበላለች።

ምልክት፦ ቋሚው ቀጭ ብሎ ከመሬት እኩል ተሰበረ፣ ታችኛው ክፍል ተቀብሮ ቀረ

ባህር ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ ይበሰብሳል የሚል ሰው ብዙ ነው። ተሳስቷል። የሚበሰብሰው ወገቡ ላይ፣ አፈርና አየር በሚገናኙባት አንድ ስንዝር ቦታ ነው። እንጨት የሚበላው ሻጋታ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከላይ ያለውን ዝናብ ቢመታውም ፀሐይ ያደርቀዋል፤ 50 ሳንቲ ሜትር የተቀበረው ደግሞ እርጥበት እንጂ በቂ አየር የለውም። ሁለቱም የሚሟሉት የጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፤ ምስጡም ያቺን ቦታ ይወዳታል። ስለዚህ ከላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከታች ምሳር የሚመልስ፣ መካከሉ ግን እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር ቋሚ ታገኛላችሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ ከሆነማ የባሰ ያታልላል፤ ቆዳው ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው።

እናም ከመወዝወዛችሁ በፊት ውጉት። አፈሩን ጣት ያህል ገለጥ አድርጉና ካቻቢቴ በአራቱም ጎን ሰካ ሰካ አድርጉበት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰተት ብሎ ከገባ ያ ቋሚ በመወዝወዝም በመጎተትም አይወጣም፤ ከመጀመሪያው ቆፍራችሁ የምታወጡት ነው። ጤነኛ ከሆነ ግን ወደ አራቱም አቅጣጫ ወዝውዛችሁ ዙሪያውን አላቅቁትና ወደ ላይ ሳቡት።

በመኪና አትጎትቱ። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ አላውቅም። አንድ ደንበኛ «ምን ያደክመናል» ብሎ ካቦውን ቋሚው አናት ላይ አስሮ በፒካፑ ጎተተ። ቋሚው ወገቡ ላይ ተሰበረ፣ ተስፈንጥሮ የኋላ መስታወቱን ይዞ ገባ። ጉማጁ የት ነው? እዚያው፣ መሬት ውስጥ። የመስታወቱን ዋጋ ከፍሎ፣ የእኔን የእጅ ዋጋ ደግሞ ከፈለ። ካቦው ቢበጠስ ኖሮ መስታወት ብቻ አይሆንም ነበር።

አሁን ጉማጁን እናውጣ። አብዛኛው ሰው ዙሪያውን ክብ አድርጎ ይቆፍራል፤ የጉልበት ብክነት ነው። በአንድ ጎን ብቻ፣ ጨረቃ በሚመስል ቅርጽ፣ የጉማጁን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ውረዱ። ከዚያ በተቃራኒው ጎን ድጅኖውን በእንጨቱና በአፈሩ መካከል እየመታችሁ አስገቡና ጉማጁን ወደ ቆፈራችሁት ባዶ ቦታ ግፉት። እንጨቱ የሚሄድበት ቦታ ስላለው ይጋደማል። አንዴ ከተጋደመ መሬቱ ይዞት የነበረው ጉልበት አልቋል።

ግትር ከሆነ ሰንሰለት አምጡ። የበሰበሰው አፉ ላይ አትሰሩት፤ ገመጥ አድርጎ ይወጣል። ጤነኛው እንጨት እስኪታይ ወርዳችሁ ሁለት 10 ቁጥር ሚስማር ግራና ቀኝ ግማሽ ድረስ ምቱ፣ ሰንሰለቱን ከሚስማሮቹ በታች ጠምጥሙት፤ እንዳይንሸራተት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሁለት ሜትር የሚሆን ወፍራም አጣና ውሰዱና ጫፉን ሰንሰለቱ ውስጥ አስገቡ፤ ከጉማጁ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከአጣናው ሥር አድርጉ። የቀረው ሌላኛውን ጫፍ መጫን ነው። ክንዱ 9 እጥፍ ስለሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲጫነው ከ500 ኪሎ በላይ ወደ ላይ ያነሳል። አጣናው እርጥብና ጤነኛ ይሁን። ከዚያው አጥር የነቀላችሁትን አሮጌ እንጨት ተጠቅማችሁ አገጫችሁን ቢላችሁ ለእኔ አትደውሉ።

ምልክት፦ ውሃ አፈሰስንበት፣ ይባስ ያዘ

መሬቱን ሳይጠይቁ ውሃ ማፍሰስ ነው ምክንያቱ። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ከሆነ ማታ ሁለት ጄሪካን አፍስሱና እደሩ፤ ጠዋት እንደ ቅቤ ይቆረጣል። አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ተቃራኒው ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንጨቱን እንደ ጉጠት ይይዘዋል፤ ከታች ደግሞ ጭቃው መጥጦ ይይዘዋል። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቅና ከእንጨቱ ይሸሻል። ጥርና የካቲት ላይ የዋልካ ቋሚ በጣት የሚነቃነቅበት ጊዜ አለ። እንግዲህ በክረምት «ዛሬውኑ ይነቀል» የሚለኝን ሰው ምን ልበለው? ግድ ከሆነ ከጎኑ ድጅኖ ወደ ታች ሰዳችሁ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አብጁ፤ ምጠቱ ይለቃል።

ምልክት፦ ቋሚውን ካወጣን በኋላ ግቢው ውሃ ሆነ

የቧንቧ መስመር አጥር ተከትሎ መሄድ ይወዳል፣ ጥልቀቱም ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ቀን ሙሉ ቆፍረን፣ ሁሉም ደረቅ፣ ደስ ብሎን ሂሳብ ተቀብለን ሄድን። ለካ ድጅኖዬ ቧንቧውን ነክቶታል። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ቀን መስመሩ ባዶ ነበር። ሌሊት ውሃ ሲለቀቅ ግቢው ጎርፍ፣ የጎረቤት ማድ ቤት ጎርፍ። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪው የት እንደሆነ፣ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ሳልጠይቅ ድጅኖ አላነሳም፤ ሥራው ሲያልቅም ባለቤቱን «ውሃ ሲመጣ ጉድጓዶቹን በባትሪ እዩልኝ» እላለሁ።

ውሃስ ልብስ ያርሳል። በመሬት ውስጥ የተዘረጋ የመብራት ገመድ ግን ይገድላል። ከበሩ መብራት ወይም ከጥበቃ ቤት ወደ ዋናው ቤት ገመድ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ «የለም» ቢልም፣ የግቢውን መብራት ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ።

ምልክት፦ የብረት ቋሚ፣ ሥሩ ኮንክሪት

ቱቦላሬውን በግራይንደር ከመሬት እኩል ቆርጦ «ጨረስኩ» የሚል ባለሙያ አለ። ባለሙያ ልበለው እንጂ፤ ያ የብረት ጥርስ ጎማ ወይም የልጅ እግር እየጠበቀ ነው። ኮንክሪቱን ማውጣት አለባችሁ። ክብደቱን አስሉት፦ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ኮንክሪት 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ 40 በ40 አራት ማዕዘን ከሆነ 230 ይደርሳል። በወገብ የሚነሳ አይደለም። ዙሪያውን እስከ ሥሩ ቆፍሩ፣ በጎኑ ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ፣ ሳንቃው ላይ ክሪክ አስቀምጡና በሰንሰለት እያነሳችሁ ከሥሩ ድንጋይ ሸጉጡ። ሳንቃ ከሌለ ክሪኩ ራሱ ይቀበራል። ብረቱ ኮንክሪቱ አፍ ላይ በዝገት ካለቀ ሰንሰለቱን ኮንክሪቱን አቅፋችሁ እሰሩት።

ጥቃቅኖቹ

ቋሚው ቅጠል አውጥቷል? ኮርች ነው፤ ሥር ሰድዷል፣ እንደ ዛፍ ሥሩን እየቆረጣችሁ አውጡት። አጥሩ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ካለበት ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መነጽር አድርጉ፤ ከገባ በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የዛገ ሚስማር ከወጋችሁ ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ነገ አይባልም። ጽድ ወይም ወይራ ቋሚ ከወጣ አትጣሉት፤ ቆርጣችሁ ድጋሚ ትተክሉታላችሁ። ዘይት የተቀባውን ግን ምጣድ ሥር እንዳታነዱት፣ ጭሱ ለሳንባም ለእንጀራም አይሆንም።

ጎረቤትን ሳትጠሩ የወሰን ቋሚ አትንቀሉ። አሮጌው ቋሚ የበሰበሰ ቢሆንም ምስክር ነው። ሁለታችሁም ባላችሁበት፣ ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ችካል መትታችሁ ስፓጎ ወጥሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ንቀሉ። ቋሚው ሁሉ ወጥቶ ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ «ድንበሩ እዚህ ነበር፣ አይ እዚያ ነበር» ሲባባሉ ቆሜ አይቻለሁ፤ ለዚያ ክሪክ የለውም።

ጉድጓዱን ስትደፍኑ የእንጨቱን ፍርፋሪ ለቅማችሁ አውጡ፣ ምስጥ ቀለብ ያገኛል። አፈሩን 15፣ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየጨመራችሁ በየደረጃው ጠቅጥቁ። አዲሱን ቋሚ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መትከል የግድ ካልሆነ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ በሉ፤ የግድ ከሆነ ድንጋይ ጎኑ ላይ እየጎሰጎሳችሁ አጥብቁት፤ አለዚያ ክረምቱ ሲገባ ይዘማል።