የዚንክን መርጋት በኮምፒውተር ማስላት፦ ለረቂቅ የቴርሞሜትር ካሊብሬሽን

እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የሙቀት ስኬል ዚንክ የሚረጋበትን (ከፈሳሽ ወደ ጠጣር የሚለወጥበትን) የሙቀት መጠን 419.527 ዲግሪ ሴልሺየስ ብሎ ወስኖታል፤ የፕላቲኒየም ቴርሞሜትሮችም በዚህ ነጥብ ላይ ካሊብሬት ይደረጋሉ፤ ማለትም ንባባቸው ከታወቀው ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ቁጥሩ የሚመለከተው ግን ፍጹም ንጹሕ ዚንክን ነው። በእቶን ውስጥ የሚቀልጠው ዚንክ 99.9999 በመቶ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ የቀረችው ጥቂት ባዕድ ንጥረ ነገር ንባቡን በሚሊኬልቪን (በዲግሪ ሺህኛ) ደረጃ ልታዛባ ትችላለች። የኮምፒውተር ሞዴል የሚያስፈልገው ብረቱ በሚረጋበት ጊዜ በሙቀትና በሰዓት ግራፍ ላይ የምናየው ጠፍጣፋ መስመር የትኛው ክፍሉ ስለ ብረቱ፣ የትኛው ደግሞ ስለ እቶኑ እንደሚናገር ለመለየት ነው።

ኮምፒውተሩን ከመክፈት በፊት በወረቀት ላይ አንድ ሒሳብ መሥራት ይገባል። የግራፋይት መያዣው ውስጣዊ ራዲየስ 20 ሚሊሜትር፣ ቴርሞሜትሩ የሚገባበት የመሐል ቱቦ ውጫዊ ራዲየስ 8 ሚሊሜትር፣ የዚንኩም ጥልቀት 15 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ይህ አንድ ኪሎግራም ገደማ ዚንክ ይይዛል። የዚንክ ስውር ሙቀት (ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት) በኪሎግራም 112 ኪሎጁል ያህል ስለሆነ፣ መርጋቱ አሥር ሰዓት እንዲቆይ ከተፈለገ ከመያዣው የሚወጣው ሙቀት ሦስት ዋት ገደማ ብቻ መሆን አለበት። ሞዴሉ በኋላ የሚሰጠው የቆይታ ጊዜ ከዚህ ሒሳብ በእጅጉ ከራቀ፣ ሌላ ነገር ከመመርመር በፊት የእቶኑን የወሰን ሁኔታ፣ ማለትም በመያዣው ጠርዝ ላይ ለሞዴሉ የተሰጠውን ሙቀት፣ መልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመነሻ ሁኔታው ይወሰናል። በላቦራቶሪ አሠራር ዚንኩ መርጋት ሲጀምር ቀዝቃዛ ዘንግ በመሐል ቱቦው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይገባና በቱቦው ዙሪያ ስስ የጠጣር ሽፋን ይፈጠራል። ስለዚህ ሞዴሉ ሁለት የመርጋት ድንበሮችን (ጠጣሩና ፈሳሹ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች) ይዞ መነሳት አለበት፤ አንዱ ከመያዣው ግድግዳ ወደ ውስጥ የሚያድግ፣ ሌላው ቴርሞሜትሩን ከብቦ ከሞላ ጎደል ባለበት የሚቆይ። ሙቀቱ የሚወጣው በውጫዊው ጠጣር በኩል ስለሆነ፣ ሽፋኑ 5 ሚሊሜትር ሲደርስ በውፍረቱ ውስጥ 8 ሚሊኬልቪን ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ቴርሞሜትሩ ይህን ልዩነት አያየውም፤ በሁለቱ ድንበሮች መካከል ያለው ፈሳሽ ይጋርደዋል። አንድ ድንበር ብቻ ያለው ሞዴል ይህን ጋሻ ስለሚያጣ፣ ከእውነተኛው ልኬት ጋር ማነጻጸሩ ትርጉም የለውም።

ለስሌቱ በራዲየስ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ባለ አንድ አውታር ሞዴል ለመጀመሪያ ይበቃል። የ12 ሚሊሜትሩ ክፍተት በ60 ክፍሎች ቢከፈል እያንዳንዱ 0.2 ሚሊሜትር ይሆናል። የሚቀጥለውን ቅጽበት ካለፈው ብቻ በቀጥታ የሚያሰላው ዘዴ እንዳይናጋ እርምጃው ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ማነስ ስላለበት፣ ለአሥር ሰዓት ከ50 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ይጠይቃል፤ የሁሉንም ክፍሎች የሙቀት መጠን በአንድነት የሚፈታውን ዘዴ መምረጥ ይሻላል። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ስውር ሙቀቱ በሚገባበት መንገድ ላይ ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች ስሌቱ እንዲረጋጋላቸው መርጋቱን በግማሽ ኬልቪን ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የሙቀት ክልል ላይ ይበትኑታል። ይህ ለተራ የብረት ቀረጻ አይጎዳም፤ እኛ ግን የምንፈልገው ከአንድ ሚሊኬልቪን ያነሰ ለውጥ ስለሆነ ውጤቱን ፈጽሞ ይሸፍነዋል። የመርጊያው ሙቀት በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ካለው የባዕድ ንጥረ ነገር መጠን እንዲሰላ ማድረግ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ይህን ለማድረግ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ከዚንክ ስውር ሙቀትና ከመርጊያ ሙቀቱ ይገኛል፦ በጠጣሩ ውስጥ ፈጽሞ የማይሟሟ ባዕድ ንጥረ ነገር ከአንድ ሚሊዮን አተሞች አንድ ቢሆን፣ የመርጊያ ነጥቡን በ0.54 ሚሊኬልቪን ዝቅ ያደርጋል። ግማሹ ብረት ሲረጋ ባዕዱ ሁሉ በቀሪው ግማሽ ፈሳሽ ስለሚከማች ቅናሹ በእጥፍ ያድጋል። ሁለተኛው ቁጥር የስርጭት መጠኑ ነው፤ ማለትም ንጥረ ነገሩ በጠጣሩ ውስጥ ያለው ክምችት በፈሳሹ ውስጥ ላለው ሲካፈል የሚገኘው። ለእርሳስና ለካድሚየም ይህ ከአንድ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ሙቀቱን ይቀንሳሉ። መዳብና ብር ግን ከአንድ በላይ ስለሆኑ የመርጊያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋሉ፤ መጀመሪያ በሚረጋው ጠጣር ውስጥም ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መስመሩ ጠፍጣፋ መሆኑ ብቻውን ብረቱ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። የኬሚካል ትንታኔ ውጤት ካለ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለብቻው ማስላት፣ ከዚያም መደመር ይገባል።

ፈሳሹ በሚገባ ተደባልቋል የሚለው ግምት የሚሠራው መርጋቱ ቀስ ሲል ነው። በአሥር ሰዓት ውስጥ ድንበሩ 12 ሚሊሜትር ከተጓዘ፣ ባዕድ አተሞች በፈሳሹ ውስጥ የሚሰራጩበት ርቀት ጥቂት ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከራሱ ከፈሳሹ ውፍረት ጋር ይቀራረባል። በአንድ ሰዓት ቢረጋ ግን ርቀቱ ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚወርድ ባዕዱ ከድንበሩ ፊት ይከመራል። እንዲህ ሲሆን ባዕድ አተሞቹ በፈሳሹ ውስጥ የሚሰራጩበትንም እኩልታ ከሙቀቱ ጋር አብሮ መፍታት ግዴታ ነው።

ውጤቱን ከማመን በፊት የክፍሎቹን ስፋት በግማሽ ቀንሶ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል፤ መስመሩ ከምንፈልገው የባዕድ ንጥረ ነገር ተጽዕኖ በላይ ከተንቀሳቀሰ ክፍሎቹ ገና ሰፊ ናቸው። የወጣው ሙቀት ድምር ከጠቅላላው ስውር ሙቀት ጋር መመጣጠኑም ይረጋገጥ። ከልኬቱ ጋር ሲነጻጸር አግድም መስመሩ ሰዓት ሳይሆን የረጋው ብረት ድርሻ ቢሆን ይመረጣል። በዚንክ ውስጥ በአንድ ሜትር ጥልቀት 2.7 ሚሊኬልቪን የሚጨምረው የፈሳሹ ክብደት ተጽዕኖም፣ በ15 ሴንቲሜትር 0.4 ሚሊኬልቪን ስለሚሆን፣ ቴርሞሜትሩ ባለበት ጥልቀት ልክ ታስቦ ይቀነስ። ሁለቱ ድንበሮች በአንድ ወገን መነካካት ሲጀምሩ ቴርሞሜትሩ የእቶኑን ቅዝቃዜ ማየት ስለሚጀምር፣ የመስመሩ መጨረሻ በንጽህና ስሌቱ ውስጥ መግባት የለበትም።