«ያላችሁ ላኩልኝ» እና ሌሎች፦ መምህራን በቴሌግራም የምንሠራቸው ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ የትኛውንም የመምህራን ግሩፕ ብትከፍቱ ያው መልእክት ይጠብቃችኋል፦ «የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ዓመታዊ እቅድ ያላችሁ ላኩልኝ።» ከሥሩ አሥር ሰው «ለእኔም» ይላል። እኔም ለዓመታት «ለእኔም» ባይ ነበርኩ። ስልኬ በፒዲኤፍ ተጨናንቆ ፎቶ ማንሳት እስኪያቅተኝ ድረስ ሰበሰብኩ፤ አስተማሪነቴ ግን ባለበት ነበር። እንግዲህ የታዘብኳቸውን፣ ብዙዎቹን ራሴም የሠራኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

ፋይል መለመንን እንደ መማር መቁጠር

እቅድ መጠየቅ ነውር የለውም። ግን የሌላ ትምህርት ቤት እቅድ የሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ የተማሪው ብዛትም፣ መጻሕፍቱ የደረሱበት ቀንም አይገጥምም። ስም ቀይሮ ለርዕሰ መምህሩ ማስፈረም ይቻላል፤ ክፍል ሲገባ ግን አይረዳም።

አንዲት መምህርት በግሩፓችን የጻፈችውን ልብ በሉ፦ «9ኛ ክፍል፣ 62 ተማሪ። ኦስሞሲስን (ውኃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት መሄዱን) ካስተማርኩ በኋላ ድንች ጨው ውኃ ውስጥ ሲቆይ ለምን ይልፈሰፈሳል ብዬ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ ጨው ስለሚበላው ነው አሉ። ቤተ ሙከራ የለንም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ክፍሉን፣ ቁጥሩን፣ ተማሪዎቹ የሳቱትን ነገር፣ የጎደላትንም ተናገረች። ያን ማታ ዝም የሚሉት ሁሉ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ «ሁለት ስስ ቁራጭ ድንች ያዢ፤ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ አንዱን ጨው በበዛበት ውኃ በፔሬዱ መጀመሪያ ዘፍዝፊ። ምን እንደሚሆን አስቀድመው በደብተራቸው ይጻፉ፤ ከመውጣትሽ በፊት በእጃቸው አጥፈው ይዩት» አላት። ሌላዋ ሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ አስታወሰች፤ ይህንን ከቤቱ የማያውቅ ተማሪ የለም። ከሦስት ቀን በኋላ መምህርቷ ተመልሳ የሆነውን ነገረችን፤ «ውኃው ነው የወጣው እንጂ አልተበላም» ያለ ልጅ ተገኘ። ምክር ወስዶ መጥፋት ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ መካሪውም ውጤቱን የሚማረው ተመልሳችሁ ስትናገሩ ነው።

ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ አለማወቅ

ይህችን ከራሴ ነው የተማርኳት። የአጋማሽ ፈተና አውጥቼ «አስተያየት ስጡኝ» ብዬ ለጠፍኩ። የመግቢያ ሊንኩ የትም ሲዞር ከርሟል ለካ፤ በነጋታው አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ 14ኛው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው» አለኝ። ልክ ነበር፤ ፈተናውን ግን እንደገና ማውጣት ግድ ሆነ። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ በዚያ መሐል ተማሪም፣ ወላጅም፣ የፈተና ወረቀት ነጋዴም ይኖራል። ፈተና የምትመክሩበት ግሩፕ ትንሽና በስም የምትተዋወቁበት ይሁን። ስልክ ቁጥራችሁንም ከግላዊነት ማስተካከያው ገብታችሁ ለማንም እንዳይታይ አድርጉ። በተለይ ሴት መምህራን በሌሊት የሚደውል እንግዳ ሰው ምን ያህል እንደሚያማርር ያውቁታል።

የተማሪን ወረቀት ለሳቅ መለጠፍ

«የዘንድሮ ተማሪ መልስ እዩልኝ» እየተባለ የፈተና ወረቀት ከነስሙ፣ ከነአባት ስሙ፣ ከነተራ ቁጥሩ ይለጠፋል። እንስቃለን። ልጁ የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ፎቶው ከማታ በፊት ሰፈሩ ይደርሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። ያ የተሳሳተ መልስ ለውይይት ይጠቅማል ካላችሁ ስሙን ሸፍናችሁ አንሱት፤ ወይም መልሱን በራሳችሁ እጅ ገልብጡት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ልጁ በእጅ ጽሕፈቱም ይታወቃልና።

ምንጩ ያልታወቀ ነገር ማስተላለፍ

በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው የተሰረዘበትን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች «የወጣ ፈተና» የሚል ፋይል ስናይ ጣታችን መንቀጥቀጥ ነበረበት። ግን እናስተላልፋለን። ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤም እንዲሁ። ከወረዳው ወይም ከርዕሰ መምህሩ ሳታጣሩ አትላኩት።

በማይነበብ ፊደል መላክ

ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ የተተየበ የዎርድ ፋይል ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። አርባ ጥያቄ የደከማችሁበት ወረቀት ማንም ሳያነብበው ይቀራል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፤ ወይም ከመጀመሪያው በየስልኩ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ጻፉት። የሰሌዳ ፎቶም በፎቶ መልክ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

በየግሩፑ መመዝገብ

አሥራ ሰባት ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። አሁን ሦስት ቀርተውኛል። በተውኳቸው ውስጥ የነበረው የደመወዝ ብሶትና የፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው፤ ብሶቱ እውነት ነው፣ ግን የድንቹን ጥያቄ ቀብሮ ያስቀረዋል። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ የምትጽፉም መላኪያ ምልክቷ ላይ ጣታችሁን ብታቆዩ «ያለ ድምፅ» የሚል ምርጫ ይመጣላችኋል።

ሁሉንም ስልክ ላይ ማስቀረት

ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ሰዓቱን በወረቀት እንሞላለን፤ ማታ ማታ በስልክ የምንማረው ደግሞ ዲፓርትመንቱ ጋ አይደርስም። የድንቹን ሙከራ እኔም ሞከርኩት። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከጎኔ ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባዬ በመስኮት አይቶን «ምን እየቀቀላችሁ ነው?» ብሎ ገባ። በማግስቱ ከቤቱ አራት ድንች ይዞ መጣ።