ሐበሻ ተማሪ አውሮፓን ሲዞር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤልጅየም ማስተርሴን ስማር የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያሳለፍኩት የክፍል ጓደኞቼን ፎቶ በማየት ነበር። ዓርብ ከክላስ ወጥተው ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ከፕራግ ወይም ከሊዝበን ይመለሳሉ። በኋላ እኔም ጀመርኩ። ምክር የጠየቅኩት እነሱኑ ነው። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩኝ። ግን ምክራቸው በራሳቸው ፓስፖርት ልክ የተሰፋ ነበር። የእኛ ፓስፖርት ሌላ ነው፣ ሰዓት አቆጣጠራችንም ሌላ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሐበሻ ተማሪ ነው።

«አንዴ አውሮፓ ከገባሁ የትም እሄዳለሁ» ማለት

ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ሸንገን ማለት በመካከላቸው መደበኛ የድንበር ፍተሻን ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው። የአንድ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ ካላችሁ፣ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ። ሸንገንና የአውሮፓ ኅብረት ግን አንድ አይደሉም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ባይሆኑም ሸንገን ውስጥ አሉ። አየርላንድና ቆጵሮስ ደግሞ የኅብረቱ አባል ሆነው ሸንገን ውስጥ የሉም። እንግሊዝ ከሁለቱም ውጪ ናት። ከብራስልስ ለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለእኛ ግን ራሱን የቻለ ቪዛ ይጠይቃል። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ የቆየ መረጃ አትመኑ። ክሮኤሺያ የገባችው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሩማንያና ቡልጋሪያ ሙሉ በሙሉ የገቡት በ2025 መጀመሪያ።

የመጣችሁበት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። መኖሪያ ካርዳችሁ እጃችሁ ሳይገባ ከሸንገን ከወጣችሁ መመለሻ የላችሁም። ካርዱ እድሳት ላይ ሲሆንም ነገሩ ያው ነው። የተሰጣችሁ ደረሰኝ በምትማሩበት አገር ሕጋዊ ነዋሪ ያደርጋችኋል፤ ድንበር ለመሻገር ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ እንጂ በቃል ሰምታችሁ አትሂዱ።

ሌላው፣ ፓስፖርቱንም ካርዱንም በእጃችሁ ያዙ። ጓደኞቻችሁ «ሸንገን ውስጥ ፍተሻ የለም» ይሏችኋል። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ጀምራለች። አውቶቡሱ በውድቅት ሌሊት ይቆማል፣ ፖሊስ ይገባል፣ መታወቂያ ያያል። እዚያ ላይ የስልክ ፎቶ አያድንም። በአውሮፕላንም ከሆነ፣ አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የኅብረቱ ዜጋ ያልሆነ መንገደኛ ሰነዱን አስቀድሞ እንዲያስመረምር ይጠይቃሉ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ በቀጥታ መሳፈሪያው በር ላይ ደረሰ። ወደ ኋላ መለሱት። ሮጦ ሲመለስ አውሮፕላኑ የለም። የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን ጥቃቅን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ አየር ማረፊያም ከጓደኞቻችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ሰዓቱን በሐበሻ ማንበብ

ይሄ የራሴ ነው። ቅዳሜ 00:25 የሚነሳ የአውቶቡስ ትኬት ገዛሁ። ቅዳሜ ማታ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነውና፣ ቅዳሜ 00:25 ማለት በእኛ ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡25 ነው። የትኬቱ ብር ቀለጠ። የማደሪያውም አብሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ትኬት በቆረጥኩ ቁጥር ሰዓቱን በራሴ ቋንቋ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፦ «ዓርብ ማታ 6፡25፣ ከቤት 5 ሰዓት ውጣ»። ከሐበሻ ጓደኛ ጋር ስትቀጣጠሩም «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ብላችሁ ጠይቁ። በማርች የመጨረሻ እሑድ ደግሞ ሌሊት ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል። የዚያን ጠዋት በረራ ካላችሁ ልብ በሉ።

የትኬቱን ዋጋ የጉዞው ዋጋ ማድረግ

15 ዩሮ የሚል ትኬት ስታዩ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ ካርታ ላይ ፈልጉ። «ፓሪስ» ተብሎ የሚሸጠው የቦቬ አየር ማረፊያ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የፍራንክፈርቱ ሃን ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር። አዲስ አበባ ብሎ አዳማን አልፎ እንደማውረድ ነው። ደርሶ መልስ የአውቶቡሱ ሒሳብ ከአውሮፕላኑ ሊበልጥ ይችላል። ሻንጣችሁንም ቤት ውስጥ ለኩት፤ በር ላይ የሚያስከፍሉት ያንገበግባል።

ብዙ ከተማ በባቡር ለማየት ካሰባችሁ ኢንተርሬይል የሚባለውን፣ በብዙ አገሮች ባቡር የሚያሳፍር ትኬት ተመልከቱ። ዜግነት አይጠይቅም፣ አውሮፓ ውስጥ ነዋሪ መሆን ይበቃል። እስከ 27 ዓመት ድረስ የወጣት ዋጋ አለው። የስልክ ዳታም እንዲሁ፦ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ የአገራችሁ ጥቅል ይሠራል፣ ስዊዘርላንድ ስትገቡ ግን ላይሠራ ይችላል። ባቡሩ ድንበር ሳይሻገር ዳታውን አጥፉት።

መኖሪያ ካርዱን ለፖሊስ ብቻ ማውጣት

ብዙዎቻችን ካርዱን የምንፈራው ወረቀት አድርገን ነው የምንይዘው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ግን አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚኖሩ ከ26 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች ነፃ ነው፣ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያም ቢሆን። ካርዱን አሳይታችሁ ትገባላችሁ። ይህን ያወቅኩት ሙሉ ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቀኑን እዩ። ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው። የቫቲካን ሙዚየም ደግሞ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ አይከፈትም።

ሆድን መርሳት

ጀርመን እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ሸምቱ። ጾም ላይ ከሆናችሁ «ቬጀቴሪያን» አትበሉ፣ አይብና እንቁላል ይመጣላችኋል። «ቪጋን» በሉ።

በአራት ቀን አራት ከተማ

ይህንንም አድርጌዋለሁ። ትዝ የሚለኝ ባቡር ጣቢያዎቹ ብቻ ናቸው። ሮም ስሄድ ግን ጨክኜ ሦስቱንም ቀን እዚያው ቆየሁ። በሁለቱ ቀን ሁሉም ሰው የሚያየውን አየሁ። በሦስተኛው ጠዋት ጊዜ ስለተረፈኝ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ወርጄ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድኩ። የአክሱም ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ፣ ከ60 ዓመት በላይ የቆመው እዚያ ነው። በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር ግን የታሰበው ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር።

አባቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። «የት ነህ ልጄ?» አሉኝ። «ሐውልታችን የነበረበት ቦታ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እስቲ ካሜራውን አዙርና አሳየኝ» አሉኝ።