ኪው ደረሰችን፣ ዩ የለችም፦ ለስክራብል እና ለወርድል የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይፈለጋል?

ስክራብል (በእጅ የደረሱ ሰባት ፊደላትን ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ቃል የመሥራት ጨዋታ) ላይ ከሰባቱ ፊደላት አንዷ ኪው ሆና ስትመጣ፣ ዩ ደግሞ ከሌለች፣ ብዙ ሰው ወዲያው ፊቱ ይጨልማል። መጨለም የለበትም። ኪው እና ዜድ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ አላቸው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ፊደል የለም። ችግሩ ያለው አፈላለጋችን ላይ ነው።

እኛ ቃል የምንፈልገው በጆሮ ነው። የራሳችን ፊደል ያስለመደን የሰማነውን መጻፍ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይሄ አያዋጣም። ኬ ያለበት ቃል ስትፈልጉ «ክ» የሚለውን ድምፅ ብቻ ካሳደዳችሁ «ናይፍ» ያመልጣችኋል፤ ሲነበብ ኬ አይሰማም፣ ሲጻፍ ግን በኬ ይጀምራል። «ፎን» ውስጥም ኤፍ የለችም፤ በፒ እና በኤች ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ጆሮን ትቶ በዓይን መፈለግ ነው።

በመጀመሪያ ፊደላቱን አደራጁ። አናባቢዎቹን (ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ) ለብቻ፣ ሌሎቹን ለብቻ አስቀምጡ። ከዚያ የተለመዱ የቃል ጭራዎች እንዳሉ እዩ፦ አይ-ኤን-ጂ፣ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኤል-ዋይ። ካገኛችሁ ወደ ቀኝ ጥግ ገፍታችሁ በቀሩት ብቻ ሥሩ። ሰባት ፊደል በአንዴ ማገላበጥ ራስ ያዞራል፤ አምስት ግን ይቻላል።

ለምሳሌ አር፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤስ ደረሷችሁ እንበል። ኢ-አርን ወደ ጥግ አድርጓት። የቀሩት አምስቱ «ስቴን» ይሆናሉ፣ እድፍ ማለት ነው፤ ጭራው ሲመለስ «ስቴነር»። እነዚያኑ አምስቱን እንደገና ብታገላብጧቸው «ናስቲየር» ይወጣል። አሁን ኢ-አርን መልሱና ኤስን ጥግ አስይዟት፦ «ሪቴን» ላይ ስትጨመር «ሪቴንስ» ትሆናለች። ሰባቱንም በአንድ ዙር ላወረደ ተጫዋች 50 ነጥብ ጉርሻ አለው፤ ጨዋታ የሚገለበጠውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ አስቸጋሪዋን ፊደል ከነጎረቤቷ ፈልጓት። ኪው ብዙውን ጊዜ ዩን አስከትላ ነው የምትሄደው። ዩ ከሌለች ግን ኪው-አይ የምትባል ባለ ሁለት ፊደል ቃል አለች፤ በቻይናውያን እምነት የሕይወት ኃይል ማለት ናት። አሜሪካኖቹ በቃል ዝርዝራቸው ያስገቧት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የፒዛ ቁልምጫ የሆነችው ዜድ-ኤ አብራት ገባች። ኪው ባለ ሦስት እጥፍ ፊደል ቦታ ላይ አርፋ ወደ ጎንም ወደ ታችም ኪው-አይ ተብላ ከተነበበች ሁለቱ ቃላት በድምሩ 62 ነጥብ ያመጣሉ። ኪው-ኤ-ቲም ይቆጠራል፤ የእኛው ጫት ነው። «ኒቃብ»ም በኪው ይጻፋል፣ ዩ አይፈልግም።

ኤክስ የምትፈራውን ያህል ክፉ አይደለችም። ኤ፣ ኢ ወይም ኦ ከፊቷ ካለች ቃሉ አልቋል፦ ኤ-ኤክስ፣ ኢ-ኤክስ፣ ኦ-ኤክስ። ክፉዋ ቪ ናት። ቪ ያለባት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ጭራሽ የለም፤ ስለዚህ ጠባብ ቦታ ላይ እሷን ለማስገባት ጊዜ አታባክኑ።

የእኛ ቃላትም አሉ። ብር በቢ-አይ-አር-አር፣ ጤፍ በቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ ይፈቀዳሉ። የተጸውዖ ስም ግን ስለማይፈቀድ አማርኛ የሚለው የቋንቋው ስም ራሱ አያስቆጥርም።

የተደበቀ ቃል በግምት በሚፈለግበት ወርድል ላይ ነገሩ ይለያል። ቃሉ ባለ አምስት ፊደል ነው፣ ስድስት ሙከራ አላችሁ፣ ቀለሙም ፊደሏ የት እንዳለች ይጠቁማል። አምስት ባዶ ሰረዝ ወረቀት ላይ አስምሩ። መጨረሻ ላይ ኬ አረንጓዴ ሆነች (ቦታዋ ትክክል ነው ማለት ነው)፣ አር ደግሞ ሁለተኛ ቦታ ላይ ቢጫ ሆነች እንበል። አር ቃሉ ውስጥ አለች፣ ሁለተኛ ግን አይደለችም። በአር የሚጀምርና በኬ የሚያልቅ የተለመደ ባለ አምስት ፊደል ቃል አይታሰባችሁም፤ ስለዚህ አር ከኬ በፊት ሳትሆን አትቀርም። «ሻርክ»፣ «ስታርክ»፣ «ስፓርክ» ተደርድረው ይመጣሉ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቃጠለው። ሦስቱ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ ከሞከራችኋቸው ሙከራው ያልቃል። ይልቅ ኤች፣ ቲ እና ፒ በአንድ ላይ ያሉበትን ቃል ላኩ፤ ጥልቀት የሚለው «ዴፕዝ» ሦስቱንም ይዟል። ከሦስቱ ቢጫ የሆነችው መልሱን ትነግራችኋለች። ከባዱን የጨዋታ ዓይነት ከመረጣችሁ ግን ይህ አይፈቀድም፤ የተገኙትን ፊደላት በየሙከራው መጠቀም ግዴታ ነው።

ጭንቅላት እምቢ ሲል ማሽን አለ። ዋንሉክን የመሰሉ የቃል መፈለጊያ ድረ-ገጾች ላይ የጥያቄ ምልክት አንድ ያልታወቀ ፊደልን ይተካል፤ ኮከብ ደግሞ የፈለገውን ያህል ፊደል። አራት የጥያቄ ምልክት ጽፋችሁ ኬን ብትጨምሩ በኬ የሚያልቁ ባለ አምስት ፊደል ቃላት ይዘረዘራሉ። ኪውን በሁለት ኮከብ መሀል ብታስገቡ ደግሞ ኪው ያለበት ሁሉ ይመጣል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። እነዚህ ድረ-ገጾች ጨዋታው የማይቀበላቸውን ስሞችና አህጽሮተ ቃላትም ይቀላቅላሉ። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ እና የእንግሊዝ የስክራብል ዝርዝሮች አንድ አይደሉም፤ ሲ-ኤች በእንግሊዙ ቃል ነው፣ በአሜሪካው አይደለም። ጭቅጭቅ ካልፈለጋችሁ በየትኛው እንደምትጫወቱ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጨዋታው መሀል ስልክ ማውጣት ያው ማጭበርበር ነው። ካለቀ በኋላ ግን የከበዷችሁን ሰባት ፊደላት አስገብታችሁ ምን እንዳመለጣችሁ እዩ። ባለ ሁለት ፊደሎቹ ቃላት ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ በየቀኑ አምስት አምስት ብታጠኑ በወር ውስጥ ታልቋቸዋላችሁ።