የኋላ እግራችሁ የት ሄደ? ቴሌማርክ ለሚጀምሩ

እዚህ ኮሎራዶ በረዶ መጣል ሲጀምር ከኦሮራም ከዴንቨርም ስልክ ይመጣል። "ያንን ተረከዝ የሚነሳበትን ስኪ አስለምደኝ" ይሉኛል፣ ቴሌማርክን ማለታቸው ነው። ደስ ይለኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ቅዳሜ በሌሊት ተነስተን ወደ ሎቭላንድ የስኪ ተራራ እንወጣለን። ከዚያ ሁሉም ያው ስህተት ላይ ይወድቃል። ያው ራሱ! በየዓመቱ ያንኑ ነገር በንፋስ ላይ እየጮህኩ መናገር ሰለቸኝ። ስለዚህ ልጻፈው፣ እናንተም አንብባችሁ ኑ።

ተራ ስኪ ትንሽ ትንሽ ትችላላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። መቆምና ከሊፍት፣ ሰውን ወደ ተራራው ከሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር፣ መውረድ ካልቻላችሁ መጀመሪያ እሱን ልመዱ። ልዩነቱ እንዲህ ነው። በተራው ስኪ፣ አልፓይን በሚባለው፣ ጫማው ከፊትም ከኋላም ከስኪው ጋር ይታሰራል። በቴሌማርክ የሚታሰረው የፊቱ በኩል ብቻ ነው፣ ተረከዙ ነፃ ነው። ስትታጠፉ ከመታጠፊያው ውጭ በኩል ያለው እግር ይቀድማል፣ የውስጡ ወደኋላ ይቀርና ተረከዙን አንስቶ በጉልበቱ ይታጠፋል። ሲያዩት መንበርከክ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የኋላ እግርን ጥሎ መሄድ

ከዚህ ሁሉ ይህችን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ጀማሪ የፊት እግሩን ወደፊት ይወረውራል። ሙሉ ክብደቱን እሱ ላይ ይጭናል። የኋላው እግር ርቆ፣ በአውራ ጣቱ ጫፍ በረዶውን እየነካካ ይጎተታል። ሥራ የለውም። የሁለት ስኪ ኪራይ ከፍላችሁ በአንዱ ብቻ ነው የምትሄዱት ማለት ነው፣ ያውም ተረከዛችሁ ሳይታሰር፣ ያውም አንድ እግራችሁን ከኋላ አንጠልጥላችሁ። ጥቂት እንኳ ሳትታጠፉ የፊት ጭናችሁ መቃጠል ይጀምራል። የኋላው ስኪ ክብደት ስለሌለው ወደፈለገው ይዞራል፣ አፍንጫው ከፊተኛው ጋር ይጠላለፋል፣ ከዚያ በግንባር መደፋት ነው።

አንድ ልጅ አለ፣ ኳስ ተጫዋች፣ እግሩ ጠንካራ። ከላይ እየወረደ ይጮህብኛል። "ጋሼ፣ አየኸኝ? ጋሼ፣ ጉልበቴ ስኪውን ነካ እኮ!"

"አየሁህ። የኋላ እግርህ ግን ገና ሊፍቱ ጋ ነው ያለው" አልኩት።

ሳቀ። ቀጥሎ ያለችው መታጠፊያ ላይ በአፍንጫው ተደፋ፣ ከዚያ መነጽሩን ከበረዶ ውስጥ ስንቆፍር ቆየን።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ይገባኛል። ሰው የሚያየው የድሮ ፎቶ ነው። ቴሌማርክ የኖርዌይ አውራጃ ስም ነው። የዚያ አካባቢ ሰው የሆነው ሰንድረ ኑርሃይም፣ የሞርጌዳሉ፣ በፈረንጆቹ 1868 ክርስቲያንያ ላይ፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ፣ በስኪ ተወዳድሮ አሸንፎ ስሙ ገነነ። እዚህ ኮሎራዶ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክረስትድ ቢውት ያሉ ሰዎች ከተረሳበት አነሱት። የዚያን ጊዜ ፎቶ ካያችሁ ስኪው ቀጭንና ረጅም፣ ጫማው ለስላሳ ቆዳ ነው። በእንዲህ ያለ ዕቃ እግርን በጣም ማራራቅ ምክንያት ነበረው፤ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይወድቁ ሚዛናቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ጫማው ፕላስቲክ ሆኗል፣ ጣት ጋ ብቻ የሚተጣጠፍ ሽንሽን ያለው። ስኪውም ሰፍቷል፣ አጥሯል። ሰው ግን አሁንም የድሮውን ፎቶ አቋም ይዞ ይመጣል።

መፍትሔው ይኸው። የፊት እግራችሁን ወደፊት አትግፉ። የኋላውን ወደኋላ ሳቡ፣ ከዳሌያችሁ ሥር ግን አይውጣ። ከፊተኛው ጫማ ተረከዝ እስከ ኋለኛው ጫማ አፍንጫ አንድ የጫማ ርዝመት ያህል ክፍተት ይበቃል፣ ቢያንስም ግድ የለም። ክብደታችሁ ግማሽ በግማሽ ይሁን። በጣት ጫፍ ሳይሆን፣ ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው ወፈር ያለ የውስጥ እግር ስኪውን ጫኑት። ጫማው ጣታችሁ ጋ ሲተጣጠፍና መልሶ ሲገፋችሁ ከተሰማችሁ ልክ ናችሁ። ትንሿን ጣትም አትርሱ! የኋላው ስኪ በረዶውን የሚነክሰው በትንሿ ጣት በኩል ባለው ጠርዙ ነው። ብዙ ሰው ትንሿን ጣቱን የሚያስታውሳት በጨለማ ከአልጋ እግር ጋር ስትጋጭበት ብቻ ነው።

መፈተኛም አለኝ። ረጋ ባለ ቁልቁለት ላይ አግድም እየሄዳችሁ የቴሌማርክ አቋም ያዙ። ከዚያ የፊቱን ስኪ ከበረዶው ለአፍታ አንሱት። ማንሳት ካቃታችሁ የኋላ እግራችሁ ላይ ምንም ክብደት የለም። "ኧረ እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ" እያለ የሚከራከረኝ ሁሉ እዚህች ፈተና ላይ ዝም ይላል።

ጉልበትን ማስነካት

ዝቅ ያለ ሁሉ ጎበዝ ይመስለዋል። ጉልበታችሁ ስኪው ላይ አንዴ ካረፈ፣ ጉብታ ሲመጣ በምን ልትቀበሉት ነው? ከዚያ ወዲያ ጉልበታችሁ የሚታጠፍበት ቦታ የለም። ጉብታው በቀጥታ ወገባችሁ ላይ ይወጣል።

ሎቭላንድ በረዶ እንደጀመረ ቶሎ ከሚከፍቱት አንዱ ነው። ኅዳር ላይ በረዶው ስስ ነው፣ ድንጋዩም ከሥሩ አድፍጧል። አንዷ ወዳጃችን "የጉልበት መከላከያ ሱሪዬን ያበላሽብኛል" ብላ እንቢ አለች። ዝቅ ብላ፣ አምራ፣ ሁላችንም እያየናት ስትወርድ ጉልበቷን የተቀበረ ድንጋይ አገኘው። ድምፁን እኔ ከላይ ሆኜ ሰማሁት። ማታ ላይ ጉልበቷ አብጦ ሱሪው፣ ያው የሳሳችለት ሱሪ፣ አልወልቅ ብሎ በመቀስ ተቀደደ። ሰኞ ሥራ ቦታዋ ደረጃውን በጎኗ ስትወርድ ሰነበተች። መከላከያ አድርጉ። ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሠራተኞች የሚያስሩት ርካሹም ቢሆን ከባዶ ጉልበት ይሻላል።

ቀይሮ መድረቅ

ይህ ትንሽ ቆየት ያሉት ላይ የማየው ነው። ከአንዱ መታጠፊያ ወደሌላው ሲያልፉ እግር ይቀየራል፣ የኋላው ወደፊት፣ የፊቱ ወደኋላ። ጀማሪ ይህን በአንድ ቅጽበት፣ በዝላይ ይጨርሰዋል። ቷ! ከዚያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቆ መታጠፊያው እስኪያልቅ ይጠብቃል። የደረቀ እግር ደግሞ በረዶው ሲቀያየር አብሮ መቀያየር አይችልም። ከሥሩ በረዶ ግግር ከመጣ አለቀ።

መቀየሩ የመታጠፊያውን ያህል ጊዜ መውሰድ አለበት። መታጠፊያው ረጅም ከሆነ መቀየሩም ዘገም ይላል፣ አጭር ከሆነ ይፈጥናል፣ እግራችሁ ግን የትም ቦታ ላይ አይቆምም። መልመጃው ቀላል ነው፣ ሲያዩት ያስቃል እንጂ። አግድም እየሄዳችሁ እግራችሁን ያለማቋረጥ አቀያይሩት፣ በስሊፐር ሳሎን ውስጥ እንደሚንሸራሸር ሰው። እሱ ሲለመድ እየታጠፋችሁ ሞክሩት። ማንም ቢስቅ ግድ አይስጣችሁ፣ የሚስቀው ተረከዙ የታሰረለት ሰው ነው።

ትከሻ

ቴሌማርክ የእስክስታ ተቃራኒ ነው፣ ከወገብ በላይ ዝም፣ ከወገብ በታች ሥራ። እኛ ሰዎች ላይ ይህ ይከብዳል መሰለኝ። እግራቸው በዞረ ቁጥር ደረታቸውንና ዳሌያቸውን አብረው ወደ ተራራው ያዞራሉ። ዳሌ ወደ ተራራው ከዞረ የኋላው ስኪ ጠርዙን ይለቅና ተንሸራትቶ ይሄዳል። ደረታችሁ ቁልቁል ይመልከት። ሁለቱን ዱላዎች አግድም አድርጋችሁ በሁለት እጃችሁ ፊት ለፊት ያዙ፣ ከታች ያለውን የሊፍት ቤት በዱላዎቹ መሃል እያያችሁ ውረዱ። ቤቱ ከመሃል ከወጣ ትከሻችሁ ዞሯል።

ዕቃ

እዚህ ላይ ሰው ገንዘቡን ሲያቃጥል አይቻለሁ። የቴሌማርክ ጫማና ማሰሪያ አንድ ዓይነት አይደለም። የድሮው 75 ሚሊ ሜትር የሚባለው አለ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ወደፊት የወጣው። በፈረንጆቹ 2007 የወጣው ኤንቲኤን የሚባል አዲሱ ዓይነት ደግሞ አለ፣ አፍንጫው አጭር ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። አንድ ወዳጄ ጫማውን ከአንዱ ሰው፣ ስኪውን ከሌላው፣ ሁለቱንም "በቅናሽ" ገዝቶ ተራራው ድረስ ነዳ። ማቆሚያው ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ወደ ማሰሪያው ቢገፋ፣ ቢያዞር፣ በተረከዙ ቢረግጥ፣ ወይ ፍንክች። ቀኑን ካፌ ውስጥ ትኩስ ቸኮላት ሲጠጣ ዋለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራዩ። ከመከራየታችሁ በፊትም ደውላችሁ ጠይቁ፣ ቴሌማርክ ሁሉም ኪራይ ቤት የለም።

ሌላም አለ። ብዙ የቴሌማርክ ማሰሪያ ስትወድቁ እግራችሁን አይለቅም። እንደ አልፓይኑ ተፈናጥሮ ይወጣል ብላችሁ አትተማመኑ። ፍሬን የሌለውም ብዙ ስለሆነ ስኪውን ከእግራችሁ ጋር የምታስር ገመድ ያስፈልጋችኋል፣ ካለበለዚያ ሲወልቅ ለብቻው ቁልቁል ይሄድና ከታች ያለ ሰው ላይ ይደርሳል።

ጫማ ሰፋ ያለ አትልበሱ። "ለወፍራም ካልሲ" የሚባል ነገር የለም።

ተረከዝን ግዴታ ማድረግ

ተረከዙ ነፃ ስለሆነ ሁልጊዜ መነሳት አለበት የሚል ሕግ የለም። ቁልቁለቱ ከከበዳችሁ፣ በረዶው ግግር ከሆነ፣ ሕፃናት ፊታችሁ ከተሰበሰቡ፣ ተረከዛችሁን ረግጣችሁ እንደ ተራ ስኪ ታጠፉ። ፒዛ የሚሏትን፣ የስኪውን አፍንጫ ገጥሞ መቆምንም፣ አትናቁ። ብርቱ ቴሌማርከሮች ራሳቸው እያቀላቀሉ ነው የሚወርዱት። እዚህ ኩራት ይዞት ግግር ላይ ተንበርክኮ ስንቱ ሲንከባለል አይቻለሁ።

በአጭር በአጭሩ ደግሞ፦ የስኪያችሁን አፍንጫ አትዩ፣ የትም አይሄድም። እጃችሁን ከዓይናችሁ እይታ አታውጡ። በመጀመሪያው ቀን ገና ጥልቅ የሆነ ትኩስ በረዶ ውስጥ አትግቡ፣ ቪዲዮው ላይ ቢያምርም። ሁሉም ሰው የሚመቸው ጎን አለው፣ ወደ ግራ የሚቀናው ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይውላል፤ ጠዋት እግራችሁ ሳይደክም በማይመቻችሁ ጎን ጀምሩ።

"እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይበግረኝም" የሚለኝም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። አንተ ግን አሁን የምትኖረው 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ ስንት ዓመትህ? የሎቭላንድ ሊፍት የሚነሳው ደግሞ ወደ 3,300 ሜትር ግድም ላይ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ፊታችሁን ክሬም ተቀቡ፣ ጥቁር ቆዳም በረዶ ላይ ይቃጠላል።

"ይሄማ የፈረንጅ ጨዋታ ነው" ለሚለኝ ደግሞ የምመልሰው አንድ ስም ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ሄዷል። የሱም ስኪ ተረከዙ ነፃ ነበር።

መጀመሪያ የምንሄደው ሎቭላንድ ቫሊ ነው፣ ለጀማሪ የተለየው በኩል። "ዋናው ጋ እንሂድ" ብላችሁ አትጨቅጭቁኝ። ወደ ተራራው የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ኢንተርስቴት 70፣ በመኪና ከመዘጋጋቱ በፊት ለመድረስ ከኦሮራ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ የዘገየ በራሱ መኪና ይምጣ። ከሰዓት በኋላ ጭናችሁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ቀኑ አልቋል። "አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ" የምትሉትን አልሰማም፤ የደከመ እግር የማይለቅ ማሰሪያ ውስጥ ይዛችሁ ስትወድቁ የሚጠመዘዘው ጉልበታችሁ ነው፣ ሆስፒታል የምነዳውም እኔ ነኝ።