ኖቲፊኬሽን አንዱ ስልክ ላይ ብቻ ሲደርስ፣ ወይም ለሌላ ሰው ሲሄድ፦ የቶከን ችግሮችና መፍትሄያቸው

የኖቲፊኬሽን ፈቃዱ መከፈቱን፣ የፕሮጀክቱ ቁልፍ ትክክል መሆኑን አይታችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ እነሳለሁ። ቶከን የምለው ሰርቨሩ ኖቲፊኬሽኑን ወደ የትኛው መሣሪያ እንደሚልክ የሚያውቅበትን መለያ ነው።

ምልክት፦ ተጠቃሚው ስልክም ታብሌትም አለው፤ መልእክቱ የሚደርሰው ግን መጨረሻ በገባበት ላይ ብቻ ነው።

ቶከኑን የተጠቃሚዎች ቴብል ውስጥ በአንዲት ኮለም አስቀምጣችኋል። በታብሌቱ ሲገባ የስልኩ ቶከን ይጠፋል። ለቶከን የራሱን ቴብል ስጡት፦ ለእያንዳንዱ ቶከን አንድ ረድፍ፣ ከጎኑ የተጠቃሚው መለያ፣ የመሣሪያው ዓይነትና መጨረሻ የታየበት ቀን።

ምልክት፦ የአንዱ ሰው መልእክት ሌላ ሰው በገባበት ስልክ ላይ ይወጣል።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው ነው። የሰው ምስጢር ስለሚያወጣም ከሁሉም የከፋ ነው። ቶከን የሚወክለው አንድ መሣሪያ ላይ የተጫነን አፕ እንጂ ሰውን አይደለም። አንዱ ወጥቶ ሌላው ቢገባ ቶከኑ ያው ሊሆን ይችላል።

ነርሶች በፈረቃ የሚቀባበሉት ታብሌት ላይ ጠዋት የገባችው ነርስ ሌሊት አድራ ለወጣችው የተላከውን የታካሚ መልእክት ስታነብ አይቻለሁ። ኮዱን ስከፍተው ሎግ አውት ላይ ቶከን የሚያጠፋ ሪኩዌስት ነበረው። ነገር ግን አፑ መጀመሪያ ሴሽኑን (ተጠቃሚው መግባቱን የሚያረጋግጠውን) ይዘጋል፣ ከዚያ «ቶከኔን አጥፉልኝ» ይላል፤ ሰርቨሩ 401 («መግባትህ አልተረጋገጠም») ብሎ ይመልሰዋል፤ መልሱን የሚያይ የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ልክ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ኔትወርክ በሌለበት ስለሚወጡ ሪኩዌስቱ ከስልኩ አልወጣም።

ስለዚህ ቀዳዳውን ከሁለቱም ወገን ድፈኑት። አፑ መጀመሪያ ቶከኑን ከአካውንቱ ያላቅቅ፣ ቀጥሎ ሴሽኑን ይዝጋ። ሰርቨሩ ላይ የቶከኑ ኮለም ዩኒክ (አንድ ቶከን ሁለት ጊዜ የማይገባበት) ይሁን፤ ያው ቶከን በሌላ አካውንት ሲመጣ አዲስ ረድፍ አትጨምሩ፣ የነበረውን ረድፍ ባለቤት ለውጡ። ዩኒኩን «በኋላ እንጨምረዋለን» እያሉ ለሥራ የሚያወጡት ያናድዱኛል፤ በኋላ ሲጨመር የተደራረበውን ረድፍ ማጥራት ትልቅ ሥራ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎም ኔትወርክ ሳይኖር ወጥቶ ማንም ያልገባበት ስልክ ይቀራል። ምስጢር የሆነ ነገር በኖቲፊኬሽኑ ጽሑፍ ላይ በፍጹም አትላኩ። «አዲስ መልእክት አለዎት» ይበቃል፤ ዝርዝሩን አፑ ውስጥ ያንብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቶከኑን ወደ ሰርቨሩ ሲቀየር ብቻ አትላኩ። ለአፑ «ቶከኑ ተቀይሯል» የሚለው ጥሪ ሰውየው ገና ሳይገባ ሊመጣና ባክኖ ሊቀር ይችላል። በገባ ቁጥር፣ አፑም በተከፈተ ቁጥር ላኩት፤ ቀኑንም አድሱ።

ምልክት፦ ሰርቨሩ «ተልኳል» ይላል፤ የሚደርሳቸው ግን ጥቂት ናቸው።

የሞቱ ቶከኖች ተከማችተዋል። አፑ ሲራገፍ ወይም ዳታው ሲጸዳ ቶከኑ ዋጋ ያጣል፤ አንድሮይድ ላይ 270 ቀን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰውን ደግሞ ፋየርቤዝ (ኖቲፊኬሽን የሚያደርሰው የጉግል አገልግሎት) ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጥረዋል። ፋየርቤዝ 404 አድርጎ «አንሬጅስተርድ» (አልተመዘገበም) ካለ፣ ወይም አፕል 410 ካለ ረድፉን ወዲያው ሰርዙ። 400 ሲመጣ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! ስህተቱ ከመልእክቱ ይዘት ሊሆን ይችላል። በአንድ የተበላሸ መልእክት ምክንያት ጤነኛ ቶከኖቹን በሙሉ ያጠፋ ስክሪፕት አጋጥሞኛል፤ ተጠቃሚዎቹ አፑን እንደገና እስኪከፍቱ ድረስ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ምልክት፦ አይፎን ላይ ብቻ አፕል «ባድ ዲቫይስ ቶከን» (የመሣሪያው ቶከን ልክ አይደለም) ይላል።

የሙከራውን ቶከን ወደ ዋናው የአፕል ሰርቨር፣ ወይም የዋናውን ወደ ሙከራው እየላካችሁ ነው። ከየትኛው እንደመጣ የሚያሳይ ኮለም ጨምሩ።