የአንድ ግዛት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበርን ታሪክ እንዴት እንጽፍ?

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰዎች ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የሚረዳ የጤና ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የሙያው የግዛት ማኅበራት ታሪካቸውን ሲያዘጋጁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፕሬዚዳንቶች ስም ዝርዝር ነው፤ አብዛኛውም እዚያው ላይ ይቆማል። ዝርዝሩ አባሪ ይሁን። ሥራው የሚጀመረው ከቃለ ጉባኤ፣ ለአባላት ይላክ ከነበረው ኒውስሌተርና ከመንግሥት መዝገብ ነው። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ ግድ ነው። ኒውስሌተር የሚናገረው ስለታቀደው ነው፤ ጉባኤው መካሄዱን የምታረጋግጡት ከቃለ ጉባኤው ወይም ከገንዘብ ያዡ ሪፖርት ነው። በኒውስሌተር ተነግሮለት የተሰረዘ ስብሰባ እንደተካሄደ ተቆጥሮ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ማየት የተለመደ ነው።

«መቼ ተመሠረተ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቀን አትፈልጉ። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡበት፣ መተዳደሪያ ደንብ ያጸደቁበት፣ ብሔራዊው ማኅበር የተቀበላቸውና በግዛቱ መንግሥት ዘንድ በሕጋዊ ሰውነት የተመዘገቡበት ቀን ዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። አራቱንም ጻፉ፤ ማኅበሩ በዓሉን በየትኛው እንደሚቆጥር ደግሞ ለይታችሁ ተናገሩ። የምዝገባውን የመመሥረቻ ጽሑፍ ቅጂ በብዙ ግዛቶች ድርጅቶችን ከሚመዘግበው የግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማግኘት ይቻላል።

የድሮ ወረቀቶችን ዕድሜ ለመፈተን የብሔራዊው ማኅበር ስም ጥሩ መሣሪያ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በማርች 1917 ክሊፍተን ስፕሪንግስ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነው በጆርጅ ባርተን ቤት ሲመሠረት ኦኩፔሽናል ቴራፒን የሚያስፋፋ ብሔራዊ ማኅበር ተብሎ ነበር፤ የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበር የተባለው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ «የ1918 ቃለ ጉባኤ» የተባለ ወረቀት አዲሱን ስም ከያዘ፣ በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ወይም እንደገና የተተየበ ነው። አትጣሉት፤ ነገር ግን እንደ ዘመኑ ምስክር አትጥቀሱት። የማኅበሩ መጽሔትም ዛሬ በምናውቀው ስሙ፣ አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ተብሎ፣ መታተም የጀመረው በ1947 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረን ዜና ስትፈልጉ በቀድሞዎቹ ስሞች ፈልጉ።

ከሁሉ የሚከብደው፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል የፈቃድ ሕጉ ነው። ሕጉን በማውጣት ፍሎሪዳና ኒው ዮርክ በ1975 ቀደሙ፤ ሃዋይ ወደዚህ የደረሰችው በ2014 ነው። በመካከላቸው ያሉት አርባ ገደማ ዓመታት በየግዛቱ የሎቢ፣ የደብዳቤ ዘመቻና የሽንፈት ታሪክ ናቸው። ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ሕግ ያልተመዘገበ ሰው በሙያው ስም እንዳይጠራ ብቻ ይከለክላል፤ የፈቃድ ሕግ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራውን ራሱን እንዳይሠራ ይከለክላል። ሁለቱን «ሕግ ወጣ» ብሎ መጠቅለል ታሪኩን ያበላሻል። ለእያንዳንዱ ሙከራ የረቂቁን ቁጥር፣ ያቀረበውን የምክር ቤት አባል፣ የወደቀበትን ኮሚቴና የተቃወመውን ወገን መዝግቡ፤ ለጸደቀው ደግሞ የተፈረመበትንና በሥራ ላይ የዋለበትን ቀን ለየብቻ።

ስሞች ላይም ተጠንቀቁ። በቀደሙት ዘመናት አብዛኞቹ አባላት ሴቶች ስለነበሩ ሲያገቡ የአባት ስማቸው ይቀየራል፤ አንዳንዴም «ወይዘሮ» ተብለው በባላቸው ሙሉ ስም ብቻ ይመዘገባሉ። አንዲት ሴት ሁለት ሰው ሆና እንዳትቆጠር ለእያንዳንዷ አንድ ካርድ ክፈቱ፤ ስሞቿን ሁሉ ከነዓመታቸው፣ ከነሠራችበት ሆስፒታል አስፍሩ። የአባላት ቁጥርንም ስታወጡ መዋጮ የከፈሉትን፣ ስብሰባ የተገኙትንና በግዛቱ ፈቃድ ያላቸውን አታደባልቁ።

ቃለ መጠይቅ የሚደረገው ሰነዱ ከተነበበ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ተናጋሪውም ጠያቂውም ይደክማል። ሳይጀመር ተናጋሪው ቃሉን እንድትጠቀሙበት የሚስማማበት ቅጽ ይፈረም። ቀን ከመጠየቅ የድሮ ፎቶ ወይም የጉባኤ ፕሮግራም አሳዩ፤ ሰው ዓመቱን ቢስትም አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ያስታውሳል።

ወረቀቱን ስታነሱ የዛገ አግራፍና የላስቲክ ማሰሪያ በቀስታ አውጡ፤ የተጣበቀ ቴፕ ግን አትላጡ። ጽሑፍ በ300፣ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ስካን ይደረግ፤ የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ይጀምር። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ፎቶ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም። ታካሚ የሚታይበትን ፎቶ፣ በተለይ ስሙ ወይም የሆስፒታሉ ክፍል የተጻፈበትን፣ ለብቻው አስቀምጡና ሳታጣሩ አታትሙ።

ዋናዎቹን ሰነዶች በየዓመቱ ከሚቀያየር ጸሐፊ ቤት አውጥታችሁ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለግዛቱ መዝገብ ቤት አስረክቡ። በስጦታ ውሉ ላይ የትኛው ሣጥን ለስንት ዓመት ዝግ እንደሚሆንና የማሳተም መብቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ከአባላት ዲሲፕሊን ጋር የተያያዙ ደብዳቤዎች ከርክክቡ በፊት ተለይተው ይውጡ።